የአላምረው የመጨረሻ ልኬት

አላምረው በሕይወት ሳለ ለማንም አንገቱን ደፍቶ አያውቅም ነበር። ሞቶ የተገኘው ግን በግንባሩ ተደፍቶ ነው።

ቦታው ቆቦ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ዳር ያለው የዶክተር ገዛኸኝ የጀርባ ክሊኒክ። ጀርባቸው የተጣመመ ልጆች ከራያ ቆላ ሁሉ፣ ከጎብዬም ከዋጃም እየመጡ አከርካሪያቸውን የሚለኩበት ክፍል አለ። አላምረው የዚያ ክፍል ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ስትከፍት እዚያው ወለሉ ላይ አገኘችው። አናቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ ለአንገት መሳቢያ የሚንጠለጠለው የብረት ክብደት ወድቋል።

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ከወልድያ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ይህ አዛዥ ማሰብ ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ቶሎ ይጨርሳል።

«ገዳዩ ታስሯል» አላት። «መንሱር ይባላል፣ የዋጃ ገበሬ ነው። ትናንት ከሰዓት ልጁን ሲያስለካ ከሟቹ ጋር ተጣላ። ልጅቱ የምትለብሰውን የፕላስቲክ ደጋፊ ወርውሮበት ወጣ። ክሊኒኩ በሙሉ ሰምቷል።»

«መጣላቱን ሰሙ። ሲገድልስ ማን አየ?»

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ ቁመቱን ይዩት! አላምረው የስልክ እንጨት የሚያህል ሰው ነበር። ምቱ ያረፈው መሀል አናቱ ላይ ነው። እሱን እንደዚያ ከላይ ሊመታ የሚችል ከመንሱር በቀር የለም። ነገ ጠዋት ወልድያ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ልጅቱስ?»

«እናት የላትም አሉ። ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። መቼም ዘመድ አይጠፋም።»

 ጥሩወርቅ ሠላሳ ዓመት በፖሊስነት ስትኖር እንዲህ ያለ አዛዥ አጥታ አታውቅም። ሄዳ ከሬሳው አጠገብ በርከክ አለች።

ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም የተሳሉ ሁለት የእግር ቅርጾች አሉ። የሚለካው ልጅ ጫማውን አውልቆ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። የአላምረው ባዶ እግሮች ከቅርጾቹ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸሽተው ተዘርግተዋል። ጫማው ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ውስጡ ናቸው።

«ጫማውን ለምን አወለቀ?» አለች።

«ደክሞት ይሆናላ» አለ አዛዡ።

«የደከመው ሰው ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። እዚህ ክፍል ወንበር አለ፤ ይህ ሰውዬ ግን መሀል ወለል ላይ ነው የወደቀው።» ወደ ረዳቷ ዞረች። «ሙህሲን፣ አገላብጠው እስቲ።»

ሳጅን ሙህሲን ሬሳውን ገለበጠው። ሁለት እጆቹ ከደረቱ ሥር ተጭነው ደርቀዋል፤ መዳፍ ከመዳፍ ገጥሟል። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው።

«እየተማጸነ ይመስላል» አለ ሙህሲን።

«ይህ ሰውዬ? እሱስ አላህንም የሚለምን አይመስልም ነበር፣ እግዜርንም» አለ አዛዡ። ሟቹን ማንም እንደማይወደው ጥሩወርቅ ከዚያ አወቀች።

ደጋፊው ወንበሩ ላይ ነው። ደረትና ወገብ የሚያቅፍ፣ ከጀርባ በማሰሪያ የሚጠብቅ ፕላስቲክ። ውስጡ ጨርቅ ለብሷል፤ በአንድ በኩል ደግሞ የተጣመመውን አጥንት እንዲገፋ ወፍራም የስፖንጅ ትራስ ተለጥፎበታል። ትራሱ በቀኝ ነው። ጨርቁ በራያ ሙቀት፣ በልጅ ላብ፣ ዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። በግራ በኩል ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ አዲስ ነጭ ነው። ጥሩወርቅ ነጩን ቦታ በጣቷ ነካችው። ሻከራት። ምንም ሳትል ደጋፊውን ለሙህሲን ሰጠችው።

የመንሱር ልጅ ኢቅራ ጣቢያው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሻሿን አገጯ ድረስ ስባዋለች፤ ትንፋሿ አጭር አጭር ነው።

«ጉብታሽ በየት በኩል ነው፣ ልጄ?»

ልጅቱ እጇን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አጥፋ አሳየቻት።

«ደጋፊው የት ያምሽ ነበር?»

አሁን እጇ የሄደው ወደ ግራ ጎኗ ነው። «እዚህ። ቆስሏል። ለአባዬ እንዳይነግሩት፤ አጠበቅኩት ብሎ ያለቅሳል።»

መንሱር በእርግጥ ረጅም ነው፤ ከእስር ቤቱ ጣሪያ ጋር እንዳይጋጭ አንገቱን ሰብሯል።

«ቀንም ሌትም አልፈታሁላትም፣ ወላሂ» አላት። «ከጀርባ ስለሚታሰር ራሷ አትችለውም። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስረው። ያ ሰውዬ ትናንት ለካትና ‹ልጅህ ብሶባታል፤ መጣመሟ ሃያ አምስት ዲግሪ የነበረው ሠላሳ ስምንት ገብቷል፤ አንተ ነህ እየፈታህ የምታስቀምጣት› አለኝ። እሷ እያለቀሰች እኔ የማጠብቀውን! ‹እንደ በሬ የሚያስብ› አለኝ ልጄ ፊት።»

«ወረወርክበት?»

«ወረወርኩ። ሳትኩት እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ ዘመድ ቤት አደርን። በር ላይ ተከትሎኝ መጥቶ ‹ደሴ አድርሳት፣ ሳንባዋን ሳይጫናት› አለኝ። ይህችን ደግ ተናግሯል፣ አልዋሽም።» የብረቱን በር ያዘ። «እናቴ፣ እኔን ያድርጉ ያሻቸውን። ነገ ወልድያ ከወሰዱኝ ግን ደሴ ማን ያደርሳታል? የእኔ ልጅ እኮ ደረጃ መውጣት አቅቷታል።»

ጥሩወርቅ ወጣች።

ወጌሻው አራጌ ከክሊኒኩ ግንብ አጠገብ ነው ቤቱ። አጭር፣ ወሬኛ፣ እጁ ቅቤ ቅቤ የሚል ሽማግሌ ነው። ክሊኒኩ ደንበኛውን ወስዶበታል።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪኝ፣ እትዬ?» ብሎ ሳቀ። «እኔ እኮ አላምረው ጋ ስቆም ቀበቶው ጋ ነው የምደርሰው! ልግደለው ብል መሰላል ያስፈልገኛል።»

«ይጠሉት ነበር?»

«አልዋሽሽም። በሰው ፊት ‹አጥንት ሰባሪ› ይለኛል። አሁን እሱም አፈር ሊገባ ነው።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበሩ?»

«ጠላ ቤት።»

«ምስክር አለዎት?»

«ሞልቶ! ግን ሁላችንም ሰክረን ነበር።»

«ኢቅራን ያውቋታል?»

«መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነው የመጣችው። ጉብታዋ በቀኝ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ በእጄ ነው የማየው፤ እንደነሱ በመብራት አላይ።»

«አቀኗት?»

አራጌ እጁን በልብሱ ጠረገ። «አላቀናኋትም» አለ ቀስ ብሎ። ከተናገረው ሁሉ ሳይቀልድ ያላት ይህችን ብቻ ነበረች።

ራጅ የሚያነሳው ታሂር ቀጭን፣ ሲያነጋግሩት ግድግዳ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው። የኢቅራን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቀለላት። አጥንቱ ወደ ቀኝ እንደ ቀስት ሄዷል። በእርሳስ ሁለት መስመሮች ተሰምረውበታል።

«ከላይም ከታችም ይበልጥ የዘመመውን አጥንት እንመርጥና በእያንዳንዱ ላይ መስመር እናሰምራለን» አለ ታሂር። «በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ነው ልኬቱ። ይህ የአላምረው እጅ ነው።»

«ይህ ጥላ ምንድን ነው?»

«ልብ ነው።»

«በግራ በኩል ነው ያለው።»

«አዎ፤ የጀርባ ራጅ የሚሰቀለው ከኋላው እንደሚታይ ሰው ነው። ግራው በግራዎ፣ ቀኙ በቀኝዎ። የደረት ራጅ ግን ፊት ለፊትዎ እንደቆመ ሰው ስለሆነ ይገለበጣል።»

«ይህን እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል?»

ታሂር የመብራቱን መስታወት በእጅጌው መጥረግ ያዘ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

«እኔ አነሳለሁ፣ እሰቅላለሁ። የሚያነቡት ዶክተር ናቸው።»

ዶክተር ገዛኸኝ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ወንበርና ብዙ የራሱ ፎቶ አለው። አንዱም ፎቶ ውስጥ ልጅ የለም፤ በሁሉም የሚጨብጠው ባለ ከረባት ነው። ሲናገር በመሀረብ አውራ ጣቱን ያሻል።

«ያሳዝናል» አለ። «በተለይ በዚህ ሳምንት። ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ፤ ክሊኒኩን ለሌሎች አርአያ ሊያደርጉት ነው። አላምረው ጎበዝ ለኪ ነበር፤ ምግባር ግን አልነበረውም። ከገበሬ ጋር እሰጥ አገባ ይገባል። ይኸው መጨረሻው።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ አይተውት ነበር?»

«አላየሁትም። ጽሑፍ እያዘጋጀሁ እዚሁ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ብቻዬን።»

«ኢቅራን ራስዎ ዳስሰው መርምረው ያውቃሉ?»

«እኔ ራጅ ነው የማነብ። መነካካት የፊዚዮቴራፒስት ሥራ ነው።»

«ጉብታዋ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።» ፈጥኖ መለሰ።

«ደጋፊውን ማን አዘዘላት?»

«እኔ። ትራሱ በቀኝ እንዲሆን ብዬ ነው ያዘዝኩት፤ ደሴ ያለ ባለሙያ ሠራው። ምነው፣ ኢንስፔክተር፣ ሕክምና ሊማሩ አሰቡ?»

«ካስተማሩኝ» አለች ጥሩወርቅ፤ መሀረቡን እያየች። ወጥታ ሙህሲንን ደሴ እንዲደውል አዘዘችው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉም መለኪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል። ዶክተሩ ወንበሩን ያዘ። ታሂር ግድግዳውን ተደገፈ። አራጌ እንደ ሠርግ ቤት ሰው ዙሪያውን ያያል። መንሱር በካቴና ቆሟል፤ ኢቅራ እጅጌውን ይዛለች። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሙህሲን፣ ጫማህን አውልቅ» አለች ጥሩወርቅ።

ሙህሲን ጫማውን አውልቆ ቢጫዎቹ ቅርጾች ላይ ቆመ።

«ኢቅራ፣ ሲለኩሽ ምን አድርጊ ነበር የሚሉሽ?»

«እግርሽን ግጠሚ። ጉልበትሽን አትጠፊ። መዳፍሽን አጋጥሚና ጎንበስ በይ።»

ሙህሲን እንዳለችው አደረገ። ጀርባው እንደ ገበታ ተዘረጋ።

«አያ አራጌ፣ ይህን ጋዜጣ ጠቅልለው አናቱን ይምቱት።»

«እሺ እትዬ! ፖሊስ መምታት ስመኝ ነው የኖርኩት» አለና አራጌ ጠጋ ብሎ ጠፍ አደረገው። እንኳን መሰላል፣ ክንዱንም ማንሳት አላስፈለገውም።

ጥሩወርቅ ወደ አዛዡ ዞረች። «የስልክ እንጨትዎ ይኸው። አላምረው ጫማውን አውልቋል፣ ከቅርጾቹ ነው ወደ ፊት የወደቀ፣ መዳፉ ተጋጥሟል። ቆሞ አልተመታም። ጎንበስ ብሎ ነው። ስለዚህ ቁመት ማንንም አያስከስስም፣ ማንንም አያድንም።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሰውየው ለምን ጎነበሰ የሚለው ነው። ጀርባው ደህና ነው፤ ሊለካ አይደለም። ይህ ሰውዬ ደግሞ ሰውን መሳደብ እንጂ መለመን አያውቅም። እንግዲህ የቀረው አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው እያሳየ ነበር። ከኋላ ሲታይ ሰው እንዴት እንደሚታይ፣ የጎነበሰው ሰው ቀኝ በተመልካቹም ቀኝ እንደሚሆን። ይህ ትምህርት እዚህ ቤት ለማን ያስፈልጋል? አያ አራጌ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ጀርባ ቆሞ ነው የኖረው። መንሱር በየቀኑ ጠዋት ከልጁ ጀርባ ቆሞ ያስራል። ታሂር ራጁን የሚሰቅለው ራሱ ነው።»

ዶክተሩን አየችው። ሌሎቹም አዩት።

«ይህ ቀልድ ነው» አለ ዶክተር ገዛኸኝ። «እኔ ሐኪም ነኝ።»

«የደረት ራጅ ሲያነብቡ የኖሩ ሐኪም ነዎት። እዚያ በኩል የበሽተኛው ግራ በእርስዎ ቀኝ ነው። የጀርባውንም እንደዚያው አነበቡት። ጉብታው በቀኝዎ ታየ፤ ‹የልጅቱ ግራ ነው› አሉ። አንድ ጊዜ ተነስተው በእጅዎ ቢዳስሷት ኖሮ ይታረም ነበር። ግን መነካካት የእርስዎ ሥራ አይደለም።»

«ትራሱ በቀኝ ነው! ደጋፊውን ማየት ይቻላል።»

«አይተነዋል። ሙህሲን፣ ስጠኝ።» የደጋፊውን ውስጥ ወደ ብርሃኑ ገልጣ ያዘችው። «በዚህ ቆላ ላብ የማያቀልመው ጨርቅ የለም። ትራሱ አሁን ያለው ቢጫ ጨርቅ ላይ ነው። በግራ በኩል ግን መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ አለ፤ የደረቀ ማስቲሽ ይሻክራል። ትናንት ማታ ተነቅሎ ወደ ቀኝ እስኪዛወር ድረስ ትራሱ የኖረው እዚያ ነው። የልጅቱም ቁስል በግራ ነው። ደሴ ያለውን ባለሙያ ጠየቅነው፤ ‹ዶክተር ራሳቸው ደውለው በግራ አድርግ አሉኝ› ብሏል። ትናንት መንሱር ደጋፊውን ጥሎ ሲሄድ አላምረው አነሳውና አየ። ሲሰድበው የዋለው ገበሬ እንዳልዋሸ ገባው። ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎ ‹አልገባኝም፣ አሳየኝ› አሉት። ጫማውን አውልቆ አሳየዎ።»

«ትራሱን አላምረው ራሱ ቀይሮት እንደሆነስ?»

«ማስረጃውን በእጁ ያጠፋል? ጣቶቹ ደግሞ ንጹሕ ነበሩ። እርስዎ ግን ከጠዋት ጀምሮ አውራ ጣትዎን ሲያሹ ውለዋል። ማስቲሽ በመሀረብ አይለቅም። ያሳዩን እስቲ።»

ዶክተሩ እጁን ኪሱ ከተተ። ሙህሲን መጥቶ አወጣው። ጥፍሩ ሥር ቢጫ ሙጫ ደርቋል።

 የዶክተሩ ፊት ተለወጠ፤ የመጣበት ግን ጸጸት አልነበረም።

«ሳቀብኝ» አለ። «‹ግራና ቀኙን የማይለይ ዶክተር› ብሎ ሳቀ። እንግዶቹ ፊት እነግራቸዋለሁ አለ። ይህን ክሊኒክ እኔ ነኝ ያቆምኩት! እኔ ባልመጣ እነዚህን ልጆች ማን ያያቸው ነበር? አጎንብሶም አላቆመም፤ ይስቅ ነበር።»

«ማንም ባያያቸው ይሻላቸው ነበር» አለች ጥሩወርቅ።

ካቴናውን ከመንሱር እጅ ፈትታ ለሙህሲን ሰጠችው፤ ሙህሲንም በዶክተሩ እጅ አጠለቀው። መንሱር የተፈታ እጁን እንኳ አላሻም። ዶክተሩን ብቻ ያያል።

«ትራሱ በቀኝ ቢሆን ኖሮ ትቀና ነበር?» አለ።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሕክምናው መሠረት፣ የዚህ ዓይነቱ መጣመም…»

«አንተን አይደለም የጠየቅኩት» አለ መንሱር።

ሊመልስለት የሚችለው ሰው ሬሳ ቤት ነበር። ጥሩወርቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ታሂር፣ አንተ መቼ ነው ያወቅከው?»

ታሂር መሬት መሬት አየ። «እዚህ ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ወር… ግን እሳቸውን ማን ያርማል? እንጀራዬ ነው።»

«ስንት ልጅ ነው እንደ ኢቅራ የተገለበጠ ደጋፊ የታሰረበት?»

«ብዙ ናቸው።»

«ስልክህን አውጣ። ለሁሉም ትደውላለህ፤ አሁን፣ እኔ ፊት።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ዝም ማለቱን ችለህበታል። መናገሩን ደግሞ ሞክረው።»

ታሂር ደወለ። የስልኩ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ፤ የአንዷ ልጅ እናት ናት፣ የጎብዬ ሴት።

«አቤት፣ ክሊኒኮቹ ናችሁ?» አለች ገና ሳይናገር፣ ደስ ብሏት። «አታስቡ፣ ዛሬም አጥብቄ አስሬላታለሁ። እያለቀሰችም አልፈታሁላት። እንዳላችሁኝ ነው የማደርገው።»

ታሂር ግድግዳውን ያያል። ሴትዮዋ «ሀሎ? ሀሎ?» ትላለች። ጥሩወርቅ ልትናገረው ስትል መንሱር ተራምዶ ስልኩን ከእጁ ወሰደው።

«እህቴ» አለ፤ አንድ እጁ የኢቅራ ራስ ላይ ነው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንዳንቺው ሳጠብቅ የኖርኩ አባት ነኝ። ፍቺላት።»